ወላድ ናት ወይ?

በአምቡላንስ በግ ጭኜ አውቃለሁ። ለፋሲካ፣ ለአንድ ሹም ቤት፣ ሁለት ሙክት። የፕላስቲክ ወንበር ጭኛለሁ፣ የስብሰባ ድንኳን ጭኛለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሰርግ አበባ። ከሁሉ በላይ የጫንኩት ግን ሹሞቹን ራሳቸውን ነው፤ ሹም የማይጭን አምቡላንስ እኛ ዘንድ ገና አልመጣም። የታመመ ሕፃን ግን እስከዚያች ማክሰኞ ድረስ ጭኜ አላውቅም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ! ይህን የምነግራችሁ አፍሬ ነው፤ ጉራ እንዳይመስላችሁ።

ስሜ ደምሴ ነው። ያን ጊዜ ጎረቤላ ተቀምጬ በአንኮበር ዙሪያ አምቡላንስ እነዳ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት በየቦታው ስላለ ሁላችሁም የየራሳችሁን አስቡ። መኪናው ጎን ላይ በትልቁ «የእናቶች አምቡላንስ» የሚል ተጽፎበታል። ሲጀመር ሐሳቡ መልካም ነበር። በዚያ ገደላገደል ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትንገላታ ኖራለች፤ መኪናው የመጣ ቀን ስንቱ እልል ብሏል። በኋላ ግን አንድ ብልህ ነኝ ባይ ጽሑፉን አነበበና ሕግ አደረገው። የእናቶች ከሆነ የሌላ የማንም አይደለም ማለት ነው። ከዛፍ የወደቀውም፣ እባብ የነደፈውም፣ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃንም የራሱን መላ ይፈልግ። በጎቹ እንዴት ተፈቀደላቸው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

ከመነሳቴ በፊት ሁልጊዜ ለስምሪት ኃላፊው መደወል ነበረብኝ። አቶ ጌጡ ይባላል። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ብዕር ደረቱ ላይ ሰክቶ የሚውል፣ ከወንበሩ ሲነሳ እንኳ አገር የሚረከብ የሚመስለው ሰው ነው። ጥያቄው አንዲት ብቻ ናት። «ወላድ ናት?» ይላል። ናት ካልኩ «ሂድ»፤ አይደለችም ካልኩ «መኪናው የእናቶች ነው» ብሎ ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል። እኔም ለጠራኝ ሰው ያችኑ ቃል አስተላልፋለሁ። አንድም ቀን ለምን ብዬ ተከራክሬ አላውቅም። እንዲያውም «ምስጉን ሠራተኛ» የሚል ወረቀት ሰጥተውኝ በመስታወት አስገብቼ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ፊቱን ወደዚያ አዙሬ ነው የማስቀምጠው። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

ያን ዕለት ጠዋት አንዲት የወለደች ሴት ከነልጇ ወደ ቤቷ ለመመለስ አሊዩ አምባ ወርጄ ነበር። አድርሻት ልመለስ ስል በጤና ጣቢያው በር ላይ ሲስተር ትርንጎ መጥታ መኪናው ፊት ተገተረች። ሲስተር ትርንጎ ነርስ ናት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ምላሷ ግን የሃምሳ ዓመት ሴት ምላስ ነው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ኋላውን ይክፈቱልኝ። ደብረ ብርሃን እንሄዳለን» አለችኝ።

«ወላድ አለች?»

«ይግቡና ይዩ።»

ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ አንዲት ወጣት እናት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከድጃ ትባላለች፤ ልጅቱ ሰሚራ፣ ሁለት ዓመቷ ነው። የሕፃኗ ደረት በተነፈሰች ቁጥር ከጎድኗ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አፍንጫዋ ይከፈታል ይዘጋል። ከንፈሯ ጠቁሯል። ማልቀስ እንኳ አልቻለችም፤ በያንዳንዱ ትንፋሽ «እህ... እህ...» ብቻ ትላለች፣ እንደ ደከመው ሽማግሌ። እኔም የልጆች አባት ነኝ።

«የሳንባ ምች ነው፤ ከባድ» አለች ሲስተር። «መርፌውን ወግቻታለሁ። የሚያስፈልጋት ግን ሆስፒታል ነው። ያለኝ ኦክስጅን ይቺ ትንሿ ሲሊንደር ብቻ ናት። ሳይቆሙ ከነዱ ታደርሰናለች። ከቆሙ አታደርሰንም።»

ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሆነ ነገር ሰው ነግሮኝ አያውቅም። እኔ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ? «ቆይ ላስፈቅድ» አልኩ።

ደወልኩ።

«ወላድ ናት?» አለ አቶ ጌጡ።

«ሕፃን ናት ጌታዬ። ትንፋሽ...»

«ወላድ ናት ወይ ነው የምልህ?»

«አይደለችም።»

«ደምሴ፣ አንተ እኮ አዲስ ሰው አይደለህም። መኪናው የእናቶች ነው። በሕዝብ መኪና ይውሰዷት።» ዘጋው።

ለሲስተር ትርንጎ ነገርኳት። ዕቃ የጠፋባት ይመስል ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ ወደ ከድጃ ጠቆመችኝ።

«ይቺ ሴት ማን ናት?»

«እናቷ ናት።»

«ወልዳት ነው ወይስ ከገበያ ገዝታት?»

«ምን ማለትሽ ነው፣ ወልዳት ነዋ።»

«እንግዲያ ወላድ ናት። እሱ የጠየቀዎት ወላድ ናት ወይ ብሎ ነው፤ መቼ ወለደች አላለም። ይደውሉና ወላድ ናት ይበሉት።»

ስልኩን ይዤ ቀረሁ። እንዴት ያለ ፈሪ እንደነበርኩ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ የሕፃን ነፍስ ከፊቴ ልትወጣ ደርሳ እኔ የምፈራው አንድ ብዕር የሰካ ሰውዬን ነበር። ሲስተር ስልኩን ከእጄ ወስዳ ራሷ ደወለችና ጆሮዬ ላይ አደረገችው።

«አሁን ደግሞ ምንድን ነው?»

«ወላድ አለች፣ ጌታዬ።»

«ከቅድሟ ሌላ?»

ሲስተር ትርንጎ አፈጠጠችብኝ። «ወላድ ናት» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ቀድመህ እሷን አትነግረኝም? ሂድ በቃ። እንዲያውም ጥሩ ሆነ፣ ደብረ ብርሃን ስብሰባ አለብኝ። ጎረቤላ ስትደርስ ታሳፍረኛለህ።»

ስልኩ እንደተዘጋ እናትና ልጅን ከነሲሊንደሯ መኪናው ኋላ አስገባናቸው። ሲስተር ከኋላና ከፊት መካከል ያለችውን ትንሽ መስኮት መጋረጃ ሳበችና ከድጃን «ጎረቤላ ስንደርስ ታቃስቺያለሽ» አለቻት።

«ምን ብዬ?»

«እሷን ስትወልጂ እንዳልሽው።»

ከድጃ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ልጇን አየች። «ያ ረቢ! ልጄ እንድትታከም ምጥ ልዋሽ?» አለች።

ዳገቱን ስወጣ ወላሂ ብዬ ልማልላችሁ እችላለሁ፣ ባልሰልምም፤ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም። ጠመዝማዛው ሲያልቅ ጉሙ ተቀበለን። ጎረቤላ ስንገባ አቶ ጌጡ በር ላይ የለም። ደወልኩ። «መጣሁ፣ መጣሁ» አለ። አሥር ደቂቃ ሞተር አስነስቼ ቆምኩ። ከኋላ ከድጃ ሰሚ በሌለበት ታቃስታለች። አሥር ደቂቃ ምን ሲሠራ እንደቆየ ከፊቱ አወቅሁ፤ ጢሙን ተላጭቶ ነበር። ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ሽቶ እየሸተተ ፊት ወንበር ላይ ተሰየመ።

«ቶሎ ንዳ፣ ስብሰባው ይጀመራል» አለኝ። ለወላዷ ብሎ ቢሆን በይቅርታ ባለፍኩት ነበር።

ሜዳውን ስንይዝ ፋይሉን ገልጦ ለሚያቀርበው ሪፖርት ይለማመድ ጀመር። ድምፁን ወፍራም አድርጎ ያነባል። የድንገተኛ ሕሙማን ምልልስ አፈጻጸም ነው እንግዲህ። ከእናቶች ቁጥር ቀጥሎ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ሕፃናትን በተመለከተ የቀረበ ምንም ዓይነት ቅሬታ የለም።» ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ወዶታል። በመስኮቷ በኩል «እህ... እህ...» ይሰማኛል። የቱ የእናት፣ የቱ የልጅ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እሱ አያውቅም።

«ስንተኛዋ ነው?» አለኝ ድንገት፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ሰጥቶ።

«የመጀመሪያዋ ትመስለኛለች።»

«ኧረ እሱማ ገና ነው! የኔ ባለቤት የመጀመሪያውን ሁለት ቀን ነው ያማጠችው። እንግዲያ ከፊት ባለው መገንጠያ በቀኝ ግባልኝ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬን እናነሳለን። አሥራ አምስት ደቂቃ ብትፈጅ ነው።»

«ጌታዬ፣ ወላዷ...»

«ግባ አልኩህ እኮ።»

በዚህ መሐል መስኮቷ ተንኳኳች። «ጋሽ ደምሴ! መርፌው ቀዩ ላይ ደርሷል!» አለች ሲስተር ትርንጎ። የሲሊንደሯን መለኪያ ማለቷ ነው፤ ኦክስጅኑ ሊያልቅ ነው።

«የምን መርፌ?» አለ አቶ ጌጡ። ዞረና መጋረጃውን ገለጠው።

ከድጃ ማቃሰቷን አቋረጠች። ሕፃኗ እቅፏ ላይ፣ የኦክስጅኑ ጭምብል ፊቷን ሸፍኖት። አቶ ጌጡ አልጋውን አየ፣ ባዶ ነው።

«ወላዷ የታለች?»

«ይችውና» አለች ሲስተር።

«ሆዷስ?»

«ሆዷ ውስጥ የነበረችው እቅፏ ላይ ናት።»

ሰውዬው እንደ ጉድ ተቆጣ። ልጅቱ እንደዚያ ስትተነፍስ እያየ የተቆጣው ስለተዋሸ ነው። እኔ ሰው እንዲህ ይሆናል ብዬ አላስብም ነበር። ምናልባትም ይሆናል፤ ብቻ እስከዚያ ቀን ከጎኑ ተቀምጬ ፊቱን አላየሁም ነበር።

«አቁም!» አለኝ።

አቆምኩ። አዎ፣ አቆምኩ። እግሬ ፍሬኑን ራሱ ረገጠው። ስድስት ዓመት «አቁም» ሲሉት የቆመ እግር ነው።

«ይህ ማጭበርበር ነው። የመንግሥት ንብረት ያለአግባብ መጠቀም ነው። አሁኑኑ ለበላይ አካል አሳውቃለሁ፤ ከዚያ ትመለሳለህ።» ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ የለም። እዚያ ሜዳ ላይ ኔትወርክ የሚገኘው ወደ ጉብታው ሲጠጉ ነው። በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ገብስ ማሳ ውስጥ ገባ።

ያን ጊዜ ከኋላዬ የከድጃን ድምፅ ሰማሁ። አላለቀሰችም፤ አልለመነችኝም። ቀስ ብላ፣ እንደሚያስማማ ሰው ነበር የምትናገረው።

«ጋሼ፣ ወላድ ብቻ ነው የሚፈቀደው ካሉ እኔ ልውረድ። እኔ ጤነኛ ነኝ። በእግሬም እመለሳለሁ። እሷን ብቻ ውሰዱልኝ። እሷ ቦታ አትይዝም፤ ትንሽ ናት።»

መውረጃውን በእግሯ መፈለግ ጀመረች። ሕፃኗን ለሲስተር ትርንጎ እያቀበለቻት ነበር።

እኔ እንግዲህ ብዙ ሰው ሲያለቅስ ያየሁ ነኝ፤ ለለቅሶ ቆዳዬ ደድሯል። ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም። ያቺ ሴት በሕጉ አምናበት ነበር። እንዲህ ያለ ቂል ሕግ ቢኖር አንዳች ምክንያት ይኖረዋል ብላ አስባ፣ ከራሷ ጥፋት ቆጥራው፣ በብርድ ሜዳ ላይ ልትወርድልን ነው። እኛ ነን እንዲህ ብላ እንድታስብ ያደረግናት። አፈርኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

«ተቀመጪ» አልኳት። ሳይረኑን ከፈትኩና ነዳሁ።

በመስታወት አየሁት። አቶ ጌጡ ገብሱ መሐል ስልኩን እንደዘረጋ ዞረ። ሮጠ። ሙሉ ልብስ ለብሶ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ጥሩ ሯጭ አይደለም። ጉሙ ዋጠው። ፋይሉ ወንበሩ ላይ ቀርቷል፤ መጠምዘዣ ላይ ወለሉ ላይ ወድቆ ወረቀቱ ተበተነ።

ከተማው ሊጀምር ሲል ሲሊንደሯ አለቀች። ሲስተር ትርንጎ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ትሰጣት ጀመር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች ትጨምቃለች፤ እኔ ከፊት ቁጥሩን እሰማለሁ። ቁጥሩ ካልተቋረጠ ልጅቱ አለች ማለት ነው። አህያ የነዳ፣ ባጃጅ፣ የእህል ጋሪ፣ ሁሉም ጥግ ያዘልኝ። አንድ ጊዜ ቁጥሩ ቆመ።

«ሲስተር?»

«ይንዱ! እጄን ልቀይር ነው። አንድ፣ ሁለት...»

ሆስፒታሉ በር ላይ አንድ ነጭ ካፖርት የለበሰ ልጅ እግር ሐኪም ሕፃኗን ከእናቷ እቅፍ ነጥቆ ሮጠ። ወላድ ናት ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ ቀረሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከድጃ መጥታ መስኮቱን ስታንኳኳ ነው ቀና ያልኩት።

«አልሐምዱሊላህ፤ ከንፈሯ ቀልቷል» አለችኝ። «አላህ ልጆችህን ያቆይልህ።»

ምርቃቱን መቀበል ከበደኝ። አሜን አላልኩም።

ሰሚራ ከስምንት ቀን በኋላ በእግሯ እየተራመደች ወጣች። አቶ ጌጡ ደግሞ ገለባ በጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥሎ ስብሰባው ደርሶ፣ ያለ ወረቀት ሪፖርቱን በቃሉ አቅርቦ ተጨበጨበለት አሉ። ስለ ሕፃናት ያለችውንም አልዘለላትም ይባላል። ይህንንማ እኔም አምናለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። አምስት ሰው ተደርድሮ፣ እያንዳንዱ ፊት አንድ የውሃ ጠርሙስ። አንደኛው «ወላድ ናት ብለህ የሐሰት መረጃ ሰጥተሃል» አለኝ። «ወልዳለች፤ ልጇን አቶ ጌጡ በዓይናቸው አይተዋታል» አልኳቸው። ተያዩ። አጉረመረሙ። አንድም ሰው ሕፃኗ እንዴት ሆነች ብሎ አልጠየቀኝም። በመጨረሻ ሁለት ነገር ወሰኑ። ለእኔ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ለመሥሪያ ቤቱ ደግሞ አዲስ መመሪያ፦ «ወላድ ማለት በምጥ ላይ የምትገኝ ነፍሰ ጡር ማለት ነው።» ማኅተም አርፎበት በየግድግዳው ተለጠፈ። አንዲት ሕፃን ትንፋሽ አጥታ ልትሞት ስትል የታያቸው ጉድለት የቃል ፍቺ ነው።

ሳልወጣ አቶ ጌጡ ጠራኝ። «ዛሬ ጻድቅ ሆንክብን አይደል?» አለኝ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ስልኩን ለሕዝቡ ሲመልስ የነበረው ማን ነው? እኔ ነኝ? እኔ የማውቀው አንተን ነው። ለሰዉ መኪናው የእናቶች ነው ስትል የኖርከው አንተ ነህ።»

ያ ሰውዬ በሕይወቱ አንዲት እውነት ተናግሮ ከሆነ ያችን ነው።

አሁንም እነዳለሁ። ስልክ ሲደወልልኝ የምጠይቀው የት እንዳሉ ብቻ ነው፤ ፈቃዱን መንገድ ላይ ሆኜ እጠይቃለሁ፣ ኔትወርክ ካለ። ሁለተኛ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያም ደርሶኛል። ስለዚህ አትጨነቁልኝ፤ አታመስግኑኝም። ይህን ገጠመኝ የሰሙ ሰዎች አቶ ጌጡን ሲሰድቡልኝ ውለው ያድራሉ፤ እናንተም እያነበባችሁ ስትስቁበት ነበር ይሆናል። ይገባዋል። ግን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ።

ከዚያች ማክሰኞ በፊት በነበረው ክረምት አንድ አባት ደውሎልኝ ነበር። ከየት እንደሆነ እንኳ በደንብ አልሰማሁትም፤ ዝናብ ነበር። «ልጄ መተንፈስ አቃተው» አለኝ።

«መኪናው የእናቶች ነው» አልኩት።

ተስፋ ያገኘ ይመስል ፈጠን ብሎ «እናቱም አብራን አለች እኮ!» አለኝ።

ቂልነቱ አሳቀኝ። እየሳቅሁ ነው ስልኩን የዘጋሁት። ሳቄን ሰምቶታል።